ሁለት ሃይላንድ ውሃ፦ የሰፈራችሁን ጅረት ከግንባታ ጭቃ ለመጠበቅ የሚረዳ መመሪያ

የምኖረው የካ አባዶ አካባቢ ነው። ከቤታችን ቁልቁል አንዲት ጅረት አለች። ካርታ ላይ ስሟን ፈልጌ አጥቻለሁ፤ እኛ ዝም ብለን «ወንዟ» እንላታለን። በበጋ ልጅ እንኳ ዘሎ ይሻገራታል። በሐምሌ ግን ድምጿ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል። ውሃዋ ወርዶ ወርዶ ትልቁ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከበላያችን ትልቅ ግንባታ ተጀመረ። በግንቦት መሬቱ በስካቫተር ተገለበጠና አፈሩ ጅረቷ አፋፍ ላይ ተከመረ። ሰኔ ገባ። በመጀመሪያው ዶፍ ወንዟ ሻይ በወተት መሰለች። በሦስተኛው ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ በደለል ታፈነ። ውሃው መንገዱን ተሻግሮ የሁለት ጎረቤቶቻችን ሳሎን ገባ። ምንጣፍ፣ ፍራሽ፣ የልጆች ደብተር፣ ሁሉም ጭቃ ሆነ።

እኛም ተሰብስበን ሄደን ጮህን። ጥበቃው በሩን ዘጋብን። በማግስቱም ሄደን ጮህን። ክረምቱ አለፈ፤ የተለወጠ ነገር ግን አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ሌላ መንገድ ሞከርንና ሠራልን። እዚህ የምጽፈው እሱን ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ምሁር መሆንም አያስፈልግም። አምስት ስድስት ሰው፣ አንድ ደብተር፣ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶችና ትዕግሥት ይበቃል። ከሁሉ በላይ ግን ዝናቡን መቅደም ያስፈልጋል። አፈር አንዴ ወንዝ ውስጥ ከገባ ማንም አያወጣውም።

«ወንዙ ድሮውንም ቆሻሻ አይደል እንዴ?»

ይህን ብዙ ጊዜ ትሰማላችሁ፤ መልሱን ይዛችሁ ቆዩ።

መሀል ከተማ ላይ እውነትነት አለው። ቀበናም፣ ባንትይቀጡም፣ ትንሹ አቃቂም የመጸዳጃና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክመው ነው የሚወርዱት። ከተማው ዳር ያሉት ትንንሽ ጅረቶች ግን ሁሉም እዚያ አልደረሱም። አንዳንዱ ላይ ድንጋይ ብትገለብጡ ሥሩ የሚርመሰመሱ የውሃ ነፍሳት ታገኛላችሁ። ደለል የሚያጠፋው እነዚህን ነው። በድንጋዮቹ መሀል ያለውን ክፍተት ይደፍንና መኖሪያ ያሳጣቸዋል።

የሰው ጉዳትም አለ። ቱቦና ድልድይ ሥር የተቀመጠ አፈር የውሃውን ቦታ ይወስዳል። ያ ውሃ ደግሞ የሆነ ቦታ መሄዱ አይቀርም፤ እኛ ሰፈር የሄደው ሳሎን ነው። ወረድ ሲል፣ አቃቂ ላይ በወንዙ ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ከዚያ አባ ሳሙኤል ይመጣል። በአገራችን ቀደምት ከሚባሉት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ ታድሶ ሥራ የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። ግድቡን ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ ደለል ነበር። ከእኛ ሰፈር የታጠበው አፈርም የሚወርደው ወደዚያው ነው።

በሚያዝያ ጀምሩ፣ በእግር ሂዱ

የበልግ ዝናብ ጥሩ ልምምድ ነው። ዋናው ክረምት ከመግባቱ በፊት ውሃው የት የት እንደሚሄድ ያሳያችኋል። ዝናብ በጣለ ማግስት ሦስት አራት ሆናችሁ ጅረቱን ከታች ወደ ላይ ተከተሉት። አንድ ሰው በደብተር ይሣል። ቆንጆ ካርታ አያስፈልግም፤ ጅረቱ አንድ መስመር፣ ግንባታዎቹ ሳጥኖች፣ ቱቦዎቹ ክቦች ይሁኑ።

እያንዳንዱ ግንባታ ጋ ስትደርሱ ከአጥር ውጭ ቆማችሁ እነዚህን እዩ። የግቢው ዝቅተኛ ጥግ የትኛው ነው? ጭቃ ውሃው የሚወጣው በዚያ ነውና። የተቆፈረው አፈር የት ተከምሯል፣ ከጅረቱስ ስንት እርምጃ ይርቃል? ገልባጮቹ በየት በኩል ይወጣሉ፣ ጎማቸው አስፋልቱ ላይ ምን ያህል ጭቃ ይጥላል? ሚክሰሩ የሚታጠበው የት ነው? የመሠረት ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ በፓምፕ ሲያወጡት ወዴት ይለቁታል? የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ጅረታችሁ በድንገት ከደፈረሰ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እሱ ነው።

አፈሩንም እወቁት። በእንጦጦ ተዳፋት በኩል አፈሩ ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው። ወደ ቦሌ፣ ወደ አቃቂና ወደ ለቡ ሜዳው ላይ ግን ጥቁር ዋልካ ይበዛል። ዋልካ እጅግ ደቃቅ ነው። አንዴ ውሃ ውስጥ ከተበተነ ለቀናት አይጠልም። ስለዚህ ዋልካ መሬት ላይ ያለ ግንባታ «ጉድጓድ ቆፍረን እናጠለዋለን» ቢላችሁ ግማሽ መልስ ነው። እዚያ ዋናው ነገር አፈሩ መጀመሪያውኑ እንዳይታጠብ መሸፈን ነው።

በሩ ላይ ያለውን ታፔላም አንብቡ። ብዙ ጊዜ የባለቤቱ፣ የሥራ ተቋራጩና የአማካሪው ስም አለበት። ሦስቱንም ጻፉ። ፎርማኑ እምቢ ቢል አማካሪው አለ፤ አማካሪው እምቢ ቢል ባለቤቱ አለ።

ደብዳቤና እድር

አሁን ስለ ፎቶ እንነጋገር። አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ አውጥቶ ግንባታ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ቶሎ ይጠረጠራል። «ማን ላከህ?» ይባላል። እኛም ተብለናል። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ወረዳ ሄዳችሁ በበጎ ፈቃድ ምን እንደምትሠሩ አስረዱ፤ ማህተም ያለበት አጭር የትብብር ደብዳቤ ጠይቁ። ኮፒውን እያንዳንዱ ሰው ኪሱ ውስጥ ይያዝ። የመንግሥት ወይም የጥበቃ ተቋም ባለበት አካባቢ ደግሞ ካሜራችሁን ጭራሽ አታውጡ። ጠርሙሱ ይበቃችኋል።

ሰው ለማሰባሰብ አዲስ ማኅበር አታቋቁሙ። ስብሰባና መተዳደሪያ ደንብ ይበላችኋል። እድሩ አለላችሁ። የእድሩ ዳኛ በወር ስብሰባው ላይ አሥር ደቂቃ ቢሰጣችሁ በቂ ነው። እኛ ጋ ሥራውን በትክክል የያዙት ሁለት ጡረተኞች፣ አንዲት የባዮሎጂ መምህርትና የሱቅ ልጅ ናቸው። ጡረተኞቹ ቀን ላይ ቤት ስላሉ ዝናብ ሲጥል ቶሎ ይደርሳሉ። የሱቁ ልጅ ደግሞ ገልባጭ ሲያልፍ ያያል፤ የሾፌሮቹንም ስም ያውቃል።

ከመሄዳችሁ በፊት

የክረምት ጅረት አይታመንም። እናንተ ጋ ፀሐይ ወጥቶ እንጦጦ ላይ ዶፍ እየወረደ ሊሆን ይችላል፤ ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል። ውሃው ውስጥ አትግቡ። የተቦረቦረ አፋፍ ጫፍ ላይ አትቁሙ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ማታም አትሂዱ፤ የሚጮህ መብረቅ ካለ ደግሞ ቤት ቁጭ በሉ። ቦት ጫማና የላስቲክ ጓንት ልበሱ፤ ስትመለሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ልጆች ማስተማር ጥሩ ነው፤ ናሙና መቅዳቱን ግን ለአዋቂ ተዉት። የግንባታው ግቢ ውስጥም ሳይፈቀድላችሁ አትግቡ።

ሁለቱ ጠርሙሶች

የሥራው ልብ እዚህ ጋ ነው።

አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው፣ ሰማያዊ ቀለም የሌላቸው፣ ጥርት ያሉ ባለአንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙሶችን አጠራቅሙ። ወረቀታቸውን ልጡ። በማይለቅ ማርከር አንዱ ላይ «ላይ»፣ ሌላው ላይ «ታች» ብላችሁ ጻፉ። «ላይ» ማለት ውሃው ግንባታው ጋ ሳይደርስ የተቀዳ ነው። «ታች» ካለፈው በኋላ ነው። ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን የባህር ዛፍ አጣና አምጡና ጠርሙሱን ጫፉ ላይ በሽቦ እሰሩ። እንዲህ ከሆነ ዳር ቆማችሁ ትቀዳላችሁ፤ ውሃ ውስጥ መግባት አይኖርም።

የምትሄዱት ዝናብ እየጣለ ወይም ካባራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ብትሄዱ ትንሽ ጅረት ጠልሎ ይጠብቃችኋል፤ ማስረጃው አልፏል። መጀመሪያ «ታች» ቅዱ፣ ከዚያ ወደ ላይ ውጡ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ላይ የበጠበጣችሁት ጭቃ ወርዶ የታችኛውን ናሙና ያበላሸዋል። ሁለት ሰዎች ስልክ ተደዋውለው በተመሳሳይ ሰዓት ቢቀዱ ደግሞ የተሻለ ነው። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስቴ አለቅልቁት። አፉን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩት። ከላይ የሚንሳፈፈውንም፣ ከሥር የሚንከባለለውንም ሳይሆን መሀሉን ቅዱ። ክዳኑን ግጠሙ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበት።

ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ነጭ ወረቀት ፊት አቁሙና ፎቶ አንሱ። ወረቀቱ ላይ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ በትልቁ ይጻፍ። ያቺ አንድ ፎቶ ከአሥር ገጽ አቤቱታ ትበልጣለች። ያየ ሁሉ ይገባዋል።

ጠርሙሶቹን ግን አትድፏቸው። ቤት ወስዳችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧቸው። አንዴ በደንብ ነቅንቁና ተዉት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቂጡ ላይ የሚቀመጠው አሸዋ ነው። እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጠልለው ደቃቁ ደለል ነው። በማግስቱም እንደደፈረሰ ያለው ሸክላው ነው። የአሸዋውንና የደቃቁን ደለል ውፍረት በማስመሪያ ለክታችሁ በሚሊ ሜትር ጻፉ። አሸዋው ብዙ ከሆነ ከግንባታው የሚወጣው ውሃ ኃይለኛ ነው ማለት ነው፤ አሸዋን የሚያነሳ ፍጥነት ያለው ውሃ ብቻ ነውና። ሸክላው ከበዛ የማጠለያ ጉድጓድ ብቻውን እንደማይበቃ ታውቃላችሁ።

ድፍርስነቱን በቁጥር መያዝ ለምትፈልጉ ሌላ ዘዴ አለ። ረጅም፣ ቂጡ ጠፍጣፋ የሆነ ጥርት ያለ ብርጭቆ ፈልጉ። ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ማርከር የመደመር ምልክት ሥላችሁ ብርጭቆውን እላዩ ላይ አስቀምጡ። የተነቀነቀውን ውሃ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ከላይ ወደ ታች እያያችሁ። ምልክቱ የጠፋበትን ጥልቀት በሴንቲ ሜትር ለኩ። «ላይ» 18፣ «ታች» 3 ብላችሁ ስትጽፉ ክርክር ይቀንሳል። ሁሌም ያው ብርጭቆ፣ ያው ሰው፣ ያው የቤት ብርሃን ይሁን።

አሁን ሁለተኛው ጠርሙስ ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። አንድ ቀን ጅረቷ ቡኒ ሆና መጣች። ሁላችንም «ያው እነሱ ናቸው!» ብለን ተነሳን። ደግነቱ መምህርቷ ቀድማ «ላይ» የሚለውን ቀድታ ነበር። እሱም ቡኒ! ጭቃው የመጣው ከግንባታው ሳይሆን ከእሱ በላይ አዲስ ከተቆረጠ የኮረት መንገድ ነው። በዚያ ቀን ፎርማኑን ብንወነጅለው ኖሮ ከዚያ ወዲህ አያምነንም ነበር። ላይ የሌለው ታች ምንም አያስረዳም።

ሲሚንቶው

ጭቃ ይታያል፤ የሲሚንቶ እጣቢ ግን ቶሎ ላይታይ ይችላል። እርጥብ ሲሚንቶ እጅግ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ አሲድነትንና አልካሊነትን በሚያሳየው የፒኤች መለኪያ 12 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ጤነኛ ጅረት አብዛኛውን ጊዜ ከ6.5 እስከ 8.5 ባለው ውስጥ ነው። የግንበኞች እጅ የሚሰነጣጠቀው በከንቱ አይደለም፤ ለውሃ ነፍሳት ደግሞ ሞት ነው።

የፒኤች ወረቀት ካገኛችሁ ጥሩ። ካጣችሁ ቀይ ጥቅል ጎመን ግዙ። ከትፋችሁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፤ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ይጥለል። ወይን ጠጅ መልክ ያለው ውሃ ታገኛላችሁ። ከእሱ ጥቂት ማንኪያ ናሙናው ላይ ጨምሩ። ወይን ጠጅ እንደሆነ ከቀረ ወይም ትንሽ ወደ ሰማያዊ ካደላ ደህና ነው። አረንጓዴ ከሆነ አልካሊ ገብቷል። ወደ ቢጫ ከሄደ ደግሞ በጣም ብዙ ገብቷል። መጀመሪያ ቤት ውስጥ በሎሚና በኦሞ ሞክሩት፤ ሎሚው ቀይ ሮዝ፣ ኦሞው አረንጓዴ ያደርገዋል። ዓይናችሁ ይለምዳል። (ልጆቼ ይህን ከሁሉም ወደውታል። ጎመኑን ለራት የፈለገችው ባለቤቴ ግን አልወደደችውም።) እዚህም ላይ «ላይ» እና «ታች» ይነጻጸሩ። ፍሪጅ ውስጥ ካልሆነ የጎመኑ ውሃ ቶሎ ይበላሻል።

ዝናቡን ለኩ

«ዘንድሮ ዝናቡ በዛ እንጂ እኛ ምን አደረግን?» የሚል መልስ ይመጣል። ስለዚህ ዝናቡንም ልኬት ይኑራችሁ። ጎኑ ቀጥ ያለ ጠርሙስ አንገቱን ቁረጡና ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ አፉ ላይ ሰኩት። ቂጡ ወጣ ገባ ስለሆነ ቀጥ ያለው ግድግዳ እስኪጀምር ድረስ ጠጠርና ውሃ ሙሉበት፤ ዜሮ ከዚያ ይጀምራል። ከጎኑ ማስመሪያ ለጥፉ። ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አንብባችሁ ጻፉና ወደ ዜሮ መልሱት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ሃያ ሚሊ ሜትር የጣለ ቀን፣ 500 ካሬ ሜትር በሆነ ግቢ ላይ 10,000 ሊትር ወርዷል ማለት ነው። አምስት ባለ2,000 ሊትር ሮቶ! ይህን ለፎርማን ስትነግሩት ዓይኑ ይከፈታል። ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ጥግ ነው የሚወጣው፤ እዚያ ጥግ ላይ ምን አዘጋጅቷል?

ፎርማኑን ማነጋገር

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላሸው። እኛም ተበላሽተንበታል።

ሶሌታ (የወለሉ ኮንክሪት) በሚሞላበት ቀን አትሂዱ። በዚያ ቀን ለእናቱም ጊዜ የለውም። ጠዋት ሥራ ሲጀመርም አትሂዱ። ከምሳ በኋላ ፀጥ ሲል፣ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዳችሁ ሽማግሌ ብትሆኑ ጥሩ ነው። አሥራ አምስት ሰው ይዞ መሄድ ጠብ ነው። መጀመሪያ ጥበቃውን ሰላም በሉት፣ በስሙ ጥሩት፣ ጤናውን ጠይቁት። ሠራተኞቹን «በርቱ!» በሏቸው። ከዚያ እንዲህ፦

«ኢንጂነር፣ እንደምን ዋሉ? እኛ እዚሁ ታች ነው የምንኖረው። ልንከስ አይደለም የመጣነው፤ አንድ ነገር ልናሳይዎት ነው።»

ጠርሙሶቹን አውጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። ከዚያ ዝም በሉ። እውነቴን ነው፣ ዝም በሉ። እሱ ይናገር።

ብዙ ጊዜ የሚለው «ይሄ የእኛ ብቻ አይደለም» ነው። ያኔ «ላይ» የሚለውን አሳዩት። ቀጥሎ «አማካሪው ይህን አላዘዘንም፣ በጀት የለም» ይላል። እዚህ ላይ የእሱን ጥቅም አንሱ። ግቢው ውስጥ የተቆለለው አሸዋና ሰሌክት (የሙሌት አፈር) በብር የገባ ነው፤ ጎርፍ ሲወስደው ብር ነው የወሰደው። የመሠረት ጉድጓዱ በደለል ሲሞላ እንደገና የሚያስጠርገው እሱ ነው። ገልባጩ አስፋልት ላይ የጣለው ጭቃ ደንብ አስከባሪ ይጠራል።

«ሁሉንም አስተካክሉ» አትበሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ለምሳሌ የአፈሩን ክምር ከጅረቱ አርቃችሁ ሸፍኑት። ቀን ቁረጡ። ቀኑ ሲደርስ ተመልሳችሁ ሂዱ፤ ከተሠራ አመስግኑ። የእኛ ፎርማን ክምሩን ያነሳው በአራተኛው ቀን ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ቀለለ። ስልክ ተለዋወጥን፤ ኋላ ላይ «ሐሙስ ልንቆፍር ነው» ብሎ የሚደውለው ራሱ ሆነ።

ምን ምን ልትጠይቁት ትችላላችሁ?

ከቀላሉ ልጀምር። በግንባታውና በጅረቱ መሀል ያለውን ሣር አትግፈፉት በሉት። ነፃ ነው፤ የትኛውም ጨርቅ የእሱን ያህል ጭቃ አይዝም። ሁሉንም መሬት በአንዴ አለመግለጥም እንዲሁ ነፃ ነው። ከመስከረም በኋላ የሚሠራውን ክፍል በሰኔ መግፈፍ ምን ይባላል?

የአፈር ክምር ከውሃ መውረጃ ይራቅ፣ በሸራ ይሸፈን፣ ዙሪያው በማዳበሪያ ከረጢት ይከበብ። ከረጢቶቹ ውስጥ ጠጠር እንጂ አፈር አይሞላ። አፈር የሞላ ከረጢት ራሱ ጭቃ ያንጠባጥባል።

ከግቢው በላይ የሚመጣው ንጹሕ ውሃ ግቢው ውስጥ ባይገባ ግማሹ ችግር አለቀ። ገበሬው የሚያውቀው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ለዚህ ነው፤ በላይኛው አጥር በኩል ተቆፍሮ ውሃውን በጎን ያሳልፈዋል። በዝቅተኛው ጥግ ደግሞ የደለል ማጥመጃ ጉድጓድ ይቆፈር። ውሃው በአንድ በኩል ገብቶ ጉድጓዱን አቋርጦ በሌላኛው ጫፍ ይውጣ፤ መግቢያና መውጫው ጎን ለጎን ከሆኑ ለማጠለል ጊዜ አያገኝም። ግማሹ ሲሞላ ይጠረጋል። የተጠረገው አፈር ተመልሶ ጅረቱ ዳር እንዳይደፋ ዓይናችሁን ጣሉበት፤ ደርሶብናል።

የጨርቅ አጥርን በተመለከተ፣ ሁሉም ሰው ሠርቶት ሁሉም ሰው ያበላሸዋል። ጨርቁ ጂኦቴክስታይል (ውሃ እያሳለፈ አፈር የሚይዝ የግንባታ ጨርቅ) ቢሆን ይመረጣል። የታችኛው ጠርዝ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ተቀብሮ አፈሩ መጠቅጠቅ አለበት። ካልተቀበረ ውሃው ሥር ሥሩን ያልፋል፤ አጥሩ ለጌጥ ይቆማል። ቋሚዎቹ ከጨርቁ በታችኛው፣ ማለትም በጅረቱ በኩል ይሁኑ። መስመሩ ተዳፋቱን አግድም ይከተል፤ ሁለቱ ጫፎች ወደ ላይ ይታጠፉ። ውሃ ተሰብስቦ በሚወርድበት ቦይ ላይ በፍጹም አይተከል፤ በመጀመሪያው ዶፍ ይገነደሳል። እዚያ የሚሆነው የድንጋይ ክትር ነው፤ መሀሉ ከጎንና ከጎኑ ዝቅ ብሎ። ደለሉ የአጥሩን ሲሶ ያህል ሲደርስ ይጠረግ።

መውጫ በሩ ላይ ጠርዘ ሻካራ ድንጋይ ይነጠፍ፤ ገልባጩ ጎማውን እዚያ አራግፎ ይውጣ። ለሚክሰሩ እጣቢ ላስቲክ የተነጠፈበት ጉድጓድ ይዘጋጅ። ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ተሰባብሮ ለሙሌት ይሆናል።

የራሳችሁ እጅ

እኛ በግንቦት ወረዳውን አስፈቅደን ቱቦዎቹን እንጠርጋለን። ዝናቡ ሲረጋ፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ አፋፉ ላይ ደሾ ሣርና ቬቲቨር እንተክላለን። የግንባታውን የጭቃ አጥር ግን እኛ አንሠራም። አንድ ጊዜ ማገዝ ጀምረን ነበር፤ በሳምንቱ «ልጆቹ መጥተው ይጠግኑት» መባል ጀመረ። ያ የእነሱ ሥራና የእነሱ ወጪ ነው።

አልሰማ ካለስ?

ሕግ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ አንቀጽ 11 ላይ በጣም የሚጠቅም ነገር አስቀምጧል። ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ስለዚህ አቤቱታ ያስገባችሁበትን ቀን የሚያሳይ፣ ገቢ የተደረገበት ኮፒ ሳትይዙ አትውጡ። የ30 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የከተማው አስተዳደርም በ2017 ዓ.ም. የወንዝ ዳርቻ ብክለትን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል፤ ደንብ አስከባሪዎቹ ስለሚያውቁት ጥቀሱላቸው።

ከወረዳ ጀምሩ፣ ከዚያ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ የከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን። ዳር ላይ ለምንኖር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጅረቱ ወሰን አያውቅም። ግንባታው ያለው ሸገር ከተማ ክልል ውስጥ ከሆነ የሚመለከተው የኦሮሚያ አስተዳደር ነው፤ አዲስ አበባ ብትመላለሱ ጫማ ትጨርሳላችሁ። ደብዳቤውን በአፋን ኦሮሞ አዘጋጁት፤ እድሩ ውስጥ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የእኛ ይህን ይመስል ነበር፦

«ለ____ ወረዳ አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ ከግንባታ ቦታ ወደ ወንዝ ስለሚለቀቅ ደለል። ታፔላው ላይ ____ ተብሎ ከተጠቀሰው ግንባታ በሐምሌ __፣ __ እና __ ቀን ድፍርስ ውሃ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ተመልክተናል። ዝናቡ __፣ __ እና __ ሚሊ ሜትር ነበር። ከግንባታው በላይና በታች የተቀዱ ናሙናዎች ፎቶና ልኬት በ__ ገጽ አያይዘናል። ለሥራ ኃላፊው በ__ ቀን በቃል አሳውቀን እስከ __ ቀን አልተስተካከለም። ባለሙያ ቦታው ድረስ ተልኮ እንዲያይልን፣ ውጤቱም በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።»

ስድብ የለም፣ «ሙሰኛ» የለም፣ ግምት የለም። ሦስት ቀን፣ ሦስት ልኬት። ባለሙያው ሲመጣ አብራችሁት ሂዱ፤ ጠርሙሶቹንም ይዛችሁ። ናሙናዎቹ የቤተ ሙከራ ማስረጃ አይደሉም፤ ባለሙያው የራሱን ናሙና የት ቦታና መቼ እንደሚወስድ ለማሳየት ግን ይጠቅማሉ።

ደብተሩ

አንድ ደብተር፣ አንድ ያዥ። ቀን፣ ሰዓት፣ ዝናብ፣ «ላይ» በሴንቲ ሜትር፣ «ታች» በሴንቲ ሜትር፣ የጎመኑ ቀለም፣ ማን ቀዳ፣ ፎርማኑ ምን አለ። ንጹሕ የሆነባቸውን ቀናትም ጻፉ። መጥፎው ብቻ የተጻፈበት ደብተር ጥርጣሬ ይፈጥራል። የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታችሁ ገጹን በየሳምንቱ ፎቶ አንስታችሁ ለጥፉ፤ የእኛ የመጀመሪያ ደብተር ዝናብ ላይ ወድቆ ቀልጧል።

መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲወጣ፣ ጅረቱን እንደ ሚያዝያው ከታች ወደ ላይ አንዴ ሂዱበት። የትኛው ቱቦ ተሞልቷል፣ የትኛው አፋፍ ተቦርቡሯል፣ ሣሩ የት ያዘ፣ የት አልያዘም? ግንባታው ያለቀ ከሆነ ባዶ የቀረው መሬት ሣር ሳይተከልበት ርክክብ እንዳይደረግ ለአማካሪው ንገሩት። የእኛው አልቋል፤ በሩ ላይ አሁን አበባ አለ። ከእሱ በላይ ግን ባለፈው ሳምንት ሌላ አጥር ቆርቆሮ ተመትቷል። ታፔላው ገና አልተሰቀለም።